«ከነቤተሰብዎ»፦ ሠርጋችንን ስንደግስ ያየሁት

ሠርጋችን ጥር 25 ቀን 2017 ነበር። እሁድ፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ከዚያ ወዲህ ሊያገባ ያሰበ ጓደኛና ዘመድ ሁሉ ይደውልልኛል። «እስቲ ምን ምን ያስፈልጋል? ምኑ ላይ ተቸገራችሁ?» ይሉኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ አውርቼ ስልኩን ስዘጋ ዋናውን ነገር ሳልናገር መቅረቴ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ካርድ አትቁጠሩ፣ ሰው ቁጠሩ። አዳራሹ፣ እንጀራው፣ ቢራው፣ ወንበሩ፣ የሁለት ቤተሰብ ኩርፊያ ሳይቀር ከዚህች ቁጥር ነው የሚነሳው። እኛ ቁጥሯን የያዝናት መስሎን ነበር። አልያዝናትም።

መጀመሪያ ግን ቀኑን ላንሳ።

እንደኛ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ቀኑን የሚመርጥላችሁ ጾሙ ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው። ከጥምቀት በኋላ የሠርጉ ወቅት ይከፈትና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይዘጋል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳን የማይጾምበት 50 ቀን አለ። በ2017 ጥምቀት ራሱ እሁድ ዋለ፣ ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነው። በመሃል ያሉት እሁዶች 5 ብቻ ነበሩ። የከተማው ሙሽራ ሁሉ እነዚህን እሁዶችና ቅዳሜያቸውን ነው የሚሻማው።

እኛ መጀመሪያ የመረጥነው የካቲት 2ን ነበር። አዳራሽ አግኝተን ቀብድ ልንከፍል ስንል አክስቴ «መልሱንስ መቼ ልታደርጉት ነው?» አለችን። ካላንደር አውጥተን ስናይ ሰኞ የካቲት 3 ነነዌ ትገባለች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ጾም። ሐሙስ አንድ ቀን ይፈታል፣ ዓርብ እንደገና ጾም። ዶሮ ወጥ የሌለበት መልስ ለእናቴ መልስ አይደለም። አንድ ሳምንት ወደ ኋላ መልሰን ጥር 25 ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀን ስትቆርጡ የሠርጉን ብቻ አትዩ፣ መልሱና ቅልቅሉ የት ላይ እንደሚወድቁም አብራችሁ እዩ።

አዳራሽ መጠየቅ የጀመርነው ሐምሌ 2016 ላይ ነው። ስድስት ወር ቀድመን ማለት ነው፣ በቂ መስሎን። ከጠየቅናቸው አምስት አዳራሾች ሦስቱ ለጥር እሁዶች ተይዘው ነበር። ለጥር የምታስቡ ሰዎች ክረምቱ ሳይገባ ጠይቁ።

ስለ ሽማግሌውና ስለ ጥሎሹ ብዙ አልልም፣ የየቤተሰቡ ወግ ይለያያል። እኛ ጋ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፣ ደጋግመው ተመላለሱ፣ እሺ ተባለ። ጥሎሹ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ምን ምን እንደሚመጣ በሁለቱ እናቶች መካከል አስቀድሞ የሚነጋገር አንድ አስታራቂ ሰው ይኑር። የእኛ የባለቤቴ ታላቅ እህት ነበረች። በጥሎሹ ቀን ሻንጣው ሲከፈት ማንም ፊቱ ሳይጠቁር የቀረው በእሷ ነው።

አሁን ወደ ሰው ቁጥር ልምጣ።

እኔና ባለቤቴ፣ ያኔ እጮኛዬ፣ የተነጋገርነው 250 ሰው ነበር። በእቁብም በደሞዝም ያጠራቀምነውን ስናሰላው ለ250 ሰው ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። አንድ ማታ ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ተነሳችና ከቁም ሳጥኑ ደብተር አወጣች። እድሩ፣ የማርያም ማኅበሯ፣ የእቁብ ጓደኞቿ፣ የድሮ መሥሪያ ቤቷ፣ የአባቴ ወገን። የእሷ ብቻ 190 ሰው።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ማነው?» አልኳት።

«የበላሁት ነው» አለችኝ። «የነዚህን ሁሉ ልጆች ሠርግ በልቻለሁ። አባትሽ ያረፈ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ከኔ ጋር የዋሉት፣ ያደሩት እነሱ ናቸው። ዛሬ ልጄን ስድር ሳልጠራቸው ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ማታ ድረስ ሠርጉ የእኔና የእሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእናቴ ብድር መመለሻ መሆኑን አላሰብኩትም። ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር በቁጥር መጨቃጨቅ አቃተኝ። ገንዘቡ ግን ያው ነው፣ አልጨመረም። የባለቤቴ ቤተሰብ 220 ሰው ሰጠን። የኛ ጓደኞችና የሥራ ባልደረቦች 140። ሲደመር 550። አዳራሹ የሚይዘው 400።

ያዳነን መልሱ ነው። ከእናቴ ዝርዝር ውስጥ 110 የሚሆኑትን የሰፈርና የእድር ሰዎች፣ ከእሱም ወገን 40 ያህሉን፣ ወደ መልሱ አዞርናቸው። መልሱ ማክሰኞ ጥር 27 እናቴ ግቢ ውስጥ፣ በእድሩ ድንኳን፣ በእድሩ ወንበርና ድስት ይሆናል ተባለ። እናቴ መጀመሪያ ቅር አላት። በኋላ ግን እሷ ራሷ በየቤቱ ሄዳ «እናንተን እቤቴ ነው የምፈልጋችሁ፣ አዳራሽ ውስጥ ምን ጨዋታ አለ?» እያለች ጠራቻቸው። ሰዎቹም ደስ አላቸው፣ ምክንያቱም እውነትም እንደዚያ ነው። ከአዳራሹ ይልቅ መልሱ ላይ ነው የተጨዋወትነው። ዝርዝራችሁ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ሰው ከመሰረዝ በፊት ለየትኛው ቀን ማን ቢጠራ ይሻላል ብላችሁ አስቡ። በዚህ መንገድ አንድም ሰው ሳናስቀይም 550 ወደ 400 ወረደ።

ከዚያ ካርዱን አሳተምን። ስህተታችን እዚህ ጋ ነው። 400 ሰው ለሁለት ሲካፈል 200፣ ለመጠባበቂያ ትንሽ ጨምረን 210 ካርድ አልን። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ይመጣሉ ብለን ነው። ማተሚያ ቤቱ ያሳየን ናሙና ላይ «ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን» የሚል ነበር፣ ሁሉም ካርድ ላይ ያለ ስለሆነ ማናችንም ልብ አላልነውም። ከነቤተሰብዎ ማለት ግን ከነቤተሰብዎ ነው። አምስት ልጅ ያለው ሰው አምስቱንም ይዞ ቢመጣ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ እኛ ጽፈን ጠርተነዋል። በሠርጉ ቀን አስተናጋጆቹ ያወጡትን ሳህን ስንቆጥር 470 አካባቢ ሆነ።

የአጎቴ ልጅ ግንቦት 2017 ላይ ሲያገባ በዚህ ተማርን። ካርዱ ላይ የተጠሪው ስም ለብቻ በእጅ እንዲጻፍ ቦታ ተተወ፣ «ለአቶ እገሌ እና ለወይዘሮ እገሊት» ተብሎ። «ከነቤተሰብዎ» የተጻፈው ልጆቻቸው በስም ለተቆጠሩ ሰዎች ብቻ ነው። ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ደግሞ እኔና አንዲት የአክስቴ ልጅ ዝርዝሩን ተካፍለን ለሁሉም ደወልን። እኛ አገር «አልመጣም» ብሎ ደውሎ የሚያሳውቅ ሰው የለም። «ትመጣላችሁ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁም መልሱ «እንዴት ቀርተን!» ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው። «ስንት ወንበር ልያዝላችሁ?» ስንል ሰው ቆም ብሎ ያስባል። «እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው» ይላል። ወይም «እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ እሷ ትመጣለች»። በዚህ አጠያየቅ ያገኘነው ቁጥርና የመጣው ሰው ልዩነት አሥራ አምስት እንኳን አልሞላም።

ምግቡን በተመለከተ የአዳራሹን አልወሰድንም። ወጥ ሠሪ ቀጥረን አስቤዛውን ራሳችን ገዛን። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ እናንተ ስታነቡት ተቀይሯል። መጠኑ ግን አይቀየርም፣ የሚጠቅማችሁም እሱ ነው። እንጀራ ለአንድ ሰው ሁለት ያዙ። እኛ ለ400 ሰው 800 አዘዝን፣ 470 ሰው ሲመጣ መጨረሻ ላይ አለቀ። የወንድሜ ልጆች በየሱቁ እየዞሩ 150 እንጀራ ለቅመው መጡ። ዶሮ አንዱ 12 ብልት ነው። ለመልሱ 150 ሰው ስለነበር 13 ዶሮ ልክ ይመጣል፣ እናቴ ግን 20 አሠራች። ልክ ነበረች። ለማኅበሯ አሮጊቶች የሚቋጠር፣ መምጣት ላልቻለ በሽተኛ የሚላክ አለ፣ ይሄ በሒሳብ ውስጥ አይገባም ግን ሁልጊዜ አለ። እንቁላሉን ከዶሮው ለይታችሁ በሰው ቁጥር ቁጠሩ።

ቢራና ለስላሳ ከአከፋፋይ ስትወስዱ ያልተከፈተ ሳጥን እንደሚመልስላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ነው። ባዶ ጠርሙሱንም በቁጥር ነው የሚረከባችሁ። እኛ ባዶውን የሚሰበስብ ሰው ስላልመደብን ብዙ ጠርሙስ ከፈልን። ይሄ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ለአንድ ጎረምሳ የአጎት ልጅ «የጠርሙሱ ኃላፊ አንተ ነህ» ቢባል የሚያልቅ ነገር ነበር።

ከድግሱ ሁሉ የማልረሳው ሽንኩርት የተላጠበትን ቀን ነው። ሐሙስ ከሰዓት 80 ኪሎ ሽንኩርት ግቢው ውስጥ ተዘረገፈ። የሰፈር ሴቶች ቢላቸውን እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ይዘው መጡ። እየላጡ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ፣ ስለ እኔ ልጅነት ያወራሉ። እናቴ ጠላውን የጠመቀችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበርና ያን ቀን ተቀመሰ። ምግቡን ሙሉ በሙሉ ለሆቴል ለመስጠት ያሰባችሁ ካላችሁ አልቃወምም፣ ድካም ይቀንሳል። ግን ቢያንስ አንድ ወጥ ለሰፈር ሴቶች ተዉላቸው። ያቺን ከሰዓት በኋላ የትም ሄዳችሁ አትገዟትም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ።

ከተጠሩት ውስጥ 40 የሚሆኑት ሙስሊሞች ነበሩ፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦችና የሰፈራችን ሰዎች። ለነሱ የሚገባውን ያደረግን መስሎን ነበር። ሁለት በግ ለብቻ ተገዛ፣ ሙስሊም አረደው፣ ሙስሊም ወጥ ሠሪ በራሷ ድስት ሠራችው። እስከዚህ ሁሉም ደህና። ችግሩ ጠረጴዛው የት እንደሚቀመጥ ማንም አላሰበበትም። አስተናጋጆቹ ከዋናው ምግብ አጠገብ አደረጉት፣ «የሙስሊም ምግብ» የሚል ትንሽ ወረቀት ለጠፉበት። የዋናው ሰልፍ በጣም ረጅም ነበር። ሰው ከሰልፉ እየወጣ ከዚያኛው ጠረጴዛ ማንሳት ጀመረ፣ ወረቀቱን ያየም ያላየም። የባለቤቴ ባልደረቦች ደግሞ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎች ይቅደሙ ብለው ተቀምጠው ቆዩ። ሲነሱ የቀረው ሩዝና ሰላጣ ነው። በክርስቲያኑ በኩል ሦስት ዓይነት ወጥ፣ ጥብስ፣ ቁርጥ ተደርድሯል፣ ለነሱ ሩዝና ሰላጣ። አንዱ የባለቤቴ የቅርብ ጓደኛ ነው፣ «ችግር የለም፣ እኛ እኮ ለናንተ ነው የመጣነው» አለው። ባለቤቴ ማታ ይህንን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

እባካችሁ የሙስሊሙን ምግብ ከአዳራሹ በሌላኛው በኩል አድርጉት። ጭልፋውን ለተጋባዥ አትስጡ፣ የሚያወጣ ሰው ከጀርባው ይቁም። ከሙስሊም ጓደኞቻችሁ አንዱን፣ እንግዶቹን በመልክ የሚያውቅ፣ ጠረጴዛው አጠገብ እንዲሆን ለምኑት። ሁለቱም ጠረጴዛ በአንድ ሰዓት ይከፈት። ለክርስቲያን እንግዳ ለሚበዛበት ሙስሊም ሠርግም ያው ነው፣ የክርስቲያኑ ምግብ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ጸጸቴ ፎቶው ነው።

ጋብቻችንን የፈጸምነው በሥርዓተ ቁርባን ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን፣ ቅዳሴው አልቆ ካባችንን ለብሰን ስንወጣ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የንስሐ አባታችን ከወራት በፊት «ልጆቼ፣ ፎቶውን ሌላ ቀን አድርጉት፣ የቆረባችሁበት ቀን ነው፣ ዕረፉ» ብለውን ነበር። እኛ ግን ከፎቶ አንሺዎቹ ጋር ተስማምተን እንጦጦ ለመውጣት ወሰንን። ቤት ደርሼ ቬሎ እስክለብስ፣ ባለቤቴ ከሚዜዎቹ ጋር ሊወስደኝ እስኪመጣ 6 ሰዓት ሆነ። በኮሪደር ልማቱ የተቆፈረው መንገድ ብዙ ነበር፣ ሾፌሮቹ ዞረው ዞረው ነው የደረሱት። በር ላይ አናስገባም የሚሉት እህቶቼም የድርሻቸውን ወሰዱ። ከዚያ እንጦጦ። ካርዱ ላይ የተጻፈው 7 ሰዓት ነው፣ እኛ አዳራሽ የገባነው 9 ሰዓት ከሩብ።

ሙሽራ ሳይገባ ምግብ አይከፈትም። 400 ሰው ተቀምጦ ጠበቀን። ውሃና ለስላሳ ብቻ እየጠጣ። ከነዚህ ውስጥ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። አባቴ ሲያርፍ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ቀብሩን ያስፈጸሙት፣ እናቴን ክንዷን ይዘው ያቆሟት እሳቸው ናቸው። ከእድሩ ሰዎች መካከል ለአዳራሹ የጠራናቸው ጥቂት ሽማግሌዎችን ነው፣ እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። ስኳር አለባቸው፣ ሰዓት ጠብቀው ነው የሚበሉት። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ለእናቴ እንኳን ሳይነግሩ ቀስ ብለው ወጥተው ሄዱ። ያወቅነው ማታ ነው።

ፎቶውን ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ወይም ከመልሱ በኋላ አድርጉት። ልብሱ ያው ልብስ ነው፣ እናንተም ያው እናንተ ናችሁ፣ እንዲያውም ዓይናችሁ በእንቅልፍ አላበጠም። በዚያው ቀን ይሁን ካላችሁ ደግሞ ካርዱ ላይ ያለው ሰዓት የእናንተ መግቢያ ሰዓት ይሁን። ሁለተኛ፣ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለበሽተኞች ቀድሞ የሚወጣ ምግብ በጎን ይዘጋጅ። አንድ ትሪ ድፎ ዳቦና ትንሽ ወጥ ይበቃል። ለዚህ ኃላፊ አንዲት አክስት መድቡ። ወጉ አይፈርስም፣ ሙሽራ እስኪገባ የሚጠብቀው ሌላው ሰው ነው። የሽማግሌዎቹንም ወንበር ከዲጄው ስፒከር አርቁት።

እናንተም ብሉ። እኛ ከቁርባን በኋላ አንድ ቁራሽ ዳቦ በሻይ ቀምሰን እስከ 11 ሰዓት ምንም አልበላንም። ፊት ለፊታችን ምግብ ተደርድሯል፣ ግን ሰው እየመጣ ይስመናል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መጉረስ አይቻልም። ከሚዜዎቹ አንዷ ሥራዋ እናንተን ማጉረስ ብቻ ይሁን። ስልካችሁንም ለሌላ ሰው ስጡት። የኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ቬሎ ለብሼ «በረዶው አልመጣም»፣ «የሹፌሮቹ ሒሳብ ማን ጋ ነው?» የሚል ስልክ አነሳ ነበር። በመጨረሻ አጎቴ ቀማኝ። የዕለቱን ገንዘብ የሚይዝ አንድ ሰው፣ ለጥያቄ የሚደወልለት አንድ ሰው ይኑር። ሁለቱም ዝርዝሩን በወረቀት ይያዙት።

ከአቅራቢዎች ጋር የምትነጋገሩትን ሁሉ ጻፉ። ዲኮሩን የሠራልን ድርጅት የሙሽሮች መድረክ ላይ ያለው አበባ ትኩስ ይሆናል ብሎ በቃል ነግሮን ነበር፣ ውሉ ላይ «አበባ» ብቻ ነው የሚለው። በዕለቱ የመጣው ፕላስቲክ ነው፣ ምን ብለህ ትከራከራለህ። አዳራሹ ጄኔሬተር አለው ተብለን ነበር፣ ነዳጁን የምንሞላው እኛ መሆናችንን የሰማነው በዋዜማው ነው። የቪዲዮውን ሒሳብ ደግሞ በሠርጉ ማግስት ጨርሰን ከፈልን፣ ቪዲዮው እጃችን የገባው ከስምንት ወር በኋላ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ሥራውን ስትረከቡ ክፈሉ። ማንንም መጠርጠር አይደለም፣ በጥር ወር እነሱም ሃያ ሠርግ ነው የያዙት፣ የተከፈለበት ሥራ ወደ ኋላ ይቀራል።

የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት አንድ ነገር፣ የወረዳው ሌላ ነገር ነው። በሃይማኖት ብታገቡም ጋብቻው በወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በመንግሥት ፊት ስትፈራረሙ በእያንዳንዳችሁ በኩል ሁለት ሁለት ምስክር፣ በድምሩ አራት ያስፈልጋል። እኛ «ከሠርጉ በኋላ እንሄዳለን» እያልን ሰነፍን፣ ምስክሮቻችን ወደየሥራቸው ተበተኑ፣ አራቱን በአንድ ቀን ለማገናኘት ወር ፈጀብን። ሚዜዎቻችሁ ሳይበተኑ ጨርሱት።

መልሱ ግን አማረ። ድንኳን ውስጥ፣ በሀበሻ ልብስ፣ ካባ ደርበን። የባለቤቴ ቤተሰቦች ስም አወጡልኝ። አማቴ ያወጣችልኝን እስከ ዛሬ እሷ ብቻ ናት የምትጠራኝ። 150 ብለን 160 ሰው መጣ፣ ሁሉም በላ፣ ሁሉም ጠጣ፣ ተረፈም። ጋሼ ግን አልመጡም። ሕመም ተሰማኝ ብለው ላኩ።

በሳምንቱ እኔና ባለቤቴ ድፎ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ጠጅ ይዘን ቤታቸው ሄድን። ጠጁን ለባለቤታቸው ነው የያዝነው፣ ለእሳቸው እናቴ ቅመሙን አስተካክላ የሠራችው ወጥ በሳህን ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ የአባትሽን ቀን ያየሁ ሰው የአንቺን ቀን ስላየሁ ጠግቤያለሁ» አሉኝ። ከዚያ ከሳህኑ ቆርሰው መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ፣ ቀጥሎ ባለቤቴን። መርቀው ሸኙን።

የባለቤቴን ባልደረቦች እቤታችን የጠራናቸው የረመዳን ጾም ሳይገባ ነው። ስድስቱ ከነሚስቶቻቸው መጡ። የጓደኛው ሚስት ከጠዋቱ ድስቷን ተሸክማ ደረሰች፣ ባሏ ዶሮዎቹን አረደ፣ እኔ ሽንኩርት ላጥኩ፣ እሷ ቁሌቱን ያዘች። ወጡ የወረደው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነው። እኛም ከዚያው ድስት አብረን በላን።